የኣቦሓጎይ ሲሊንደር

ባለፈው ሳምንት ከቁሓ ስመለስ የተሳፈርኩበት ታክሲ ጎማው ተነፈሰና መንገድ ዳር ቆምን። ረዳቱ ጎማ እስኪቀይር ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከአንድ የብየዳ ቤት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠጋ። ወዲያው ሽታው መጣ። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ ግን ሽንኩርት አይደለም። ካርባይድ የሚባለው ግራጫ ድንጋይ ውሃ ሲነካው የሚወጣው ጋዝ ነው፤ በያጆች ከኦክስጅን ጋር እያቀጣጠሉ ብረት ይቆርጡበታል። አጠገቤ የቆመችው ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ግን ደጋግሜ ወደ ውስጥ ሳብኩት። የአባቴ ቱታ ሽታ ነው። ከዚያ ቱታ ጋር ደግሞ አንድ ክረምት አብሮ ይመጣብኛል።

ስለዚያ ክረምት ለማንም በቅጡ ተናግሬ አላውቅም። ደረቅ ሰው ነኝ፤ የሆዴን ቶሎ አላወጣም። እናቴ “አንቺ የአያትሽ ልጅ ነሽ፣ ድንጋይ” ትለኛለች። ዛሬ ግን ልናገር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ዓዲ ሓቂ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ጠባብ ግቢ፣ በግቢው ጥግ አንድ ቧንቧ። እናቴ የወልድያ ልጅ ናት፤ በጸሐፊነት ተቀጥራ መቀሌ መጥታ አባቴን አገባች። ስለዚህ በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ትግርኛው በየመሀሉ ሳይጠራ ይገባል። አባቴ ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ላይ የብየዳ ቤት ነበረው። የአባቴ አባትም ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። እኔ ኣቦሓጎይ እላቸዋለሁ፣ አያቴ ማለት ነው። ሰፈሩ ኣቦይ ገብረኪዳን ይላቸዋል።

ኣቦሓጎይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሮማናት አደባባይ ወደ ታች ስንወርድ በጣታቸው እያሳዩ “ይሄን ግንብ እኔ ነኝ፤ ያንን ግን እኔ አይደለሁም፣ ጠማማ ነው” ይሉኝ ነበር። ሲሠሩም አይቻቸዋለሁ። መሮውን አስቀምጠው ጎንበስ ይሉና ድንጋዩን እፍ ይሉታል። አቧራው ይበናል። በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው እንደገና እፍ። በቀን ስንት ጊዜ እፍ እንዳሉ እግዜር ይወቀው።

ሐኪሙ የድንጋይ አቧራ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ እንደ ተጋገረ ለአባቴ ሲነግረው ሰምቻለሁ። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ በራሴ መንገድ ነው። ኣቦሓጎይ ትንፋሻቸውን በየድንጋዩ ላይ እፍ ብለው ጨርሰውታል። አሁን ትንፋሻቸው ያለው ግንቡ ውስጥ ነው። እናቴ ሱቅ ስትልከኝ ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ አይቼ ጆሮዬን ግንብ ላይ እለጥፋለሁ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። አንዳንዴ ውስጡ ሹ የሚል ነገር የሰማሁ ይመስለኛል፤ ያኔ ደስ ብሎኝ እሮጣለሁ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ኣቦሓጎይ ከሆስፒታል ወጡ። ከእንግዲህ ያለ ኦክስጅን መሆን አይችሉም ተባለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ቀለል አለው። ኦክስጅን ለሱ የሥራው ነገር ነው፣ በየቀኑ የሚያየው። በማግሥቱ ከብየዳ ቤቱ አንዱን ሲሊንደር በጋሪ አስጭኖ ከተፍ አለ። ጎረቤታችን ሲስተር ምሕረት ነርስ ናት። ኣቦሓጎይን ልትጠይቅ ስትገባ ሲሊንደሩን አየችና በሩ ላይ ቆመች።

“ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?”

“ለአባቴ ነው። ኦክስጅን አይደል የሚያስፈልጋቸው?”

“ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የብረት መቁረጫ ነው።”

“ጋዙ አንድ ነው፣ ሲስተር። የሚሞላውም አንድ ቦታ ነው።”

“ጋዙ አንድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ብረት ሆድ ውስጥ ከዚህ በፊት ምን ገብቶበት እንደነበር ግን አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ለብረት የተሞላውን ለሰው ሳንባ አልሰጥም።”

አባቴ ተናደደ። ሲሊንደሩን መልሶ ጋሪው ላይ ጫነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ አልሠራም፤ አልጋቸውንና በራቸውን የበየደላቸውን ክሊኒኮች ሁሉ ሲዞር ከርሞ ሁለት የሕክምና ሲሊንደር በውሰት ይዞ መጣ። እኔ ከዚያ ጭቅጭቅ የተረፈኝ አንድ ነገር ነው፤ ብረትም ይተነፍሳል ማለት ነው። የብረት ትንፋሽና የሰው ትንፋሽ ለየብቻ ይሞላል። በየሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ደግሞ የማን ትንፋሽ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ፤ ማን ይሆን ለኣቦሓጎይ ብሎ የሞላው?

ሲሊንደሩ በኣቦሓጎይ ራስጌ፣ ከመስኮቱ ብረት ጋር በሰንሰለት ታሰረ። አናቱ ላይ ትንሽ የብረት መዘውር አለችው። ከሥሯ ሰዓት የሚመስል መርፌ ያለው ነገር፣ ከዚያ ውሃ ያለበት ጠርሙስ፣ ከጠርሙሱ ቀጭን ቱቦ፣ ከቱቦው ጫፍ የፊት ጭምብል። መዘውሯ ወደ ግራ ስትዞር ኦክስጅኑ ይከፈታል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ይጀምራል።

ሲስተር ምሕረት ሕግ አወጣችልን። እናቴ የኣቦሓጎይን የደረቀ ከንፈር ቫዝሊን ልትቀባ ስትል እጇን ያዘቻት። ቅባት የሚባል ነገር አጠገቡ አይደርስም፤ የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠባል። እሳትም የለም። ኣቦሓጎይ ጠዋት ጠዋት ጧፍ አብርተው ዳዊት መድገም ልማዳቸው ነበር፤ እሱም ቀረ።

“ኦክስጅን ራሱ አይነድም” አለኝ አባቴ፣ ቁጢጥ ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ። “የሚነደውን ነገር ግን ያሳብደዋል። እኔ ብረት የምቆርጠው በሱ ነው። ገባሽ?”

“ገባኝ።”

“እንግዲህ የውሃው ነገር ያንቺ ነው። ቡልቅ ቡልቅ እያለ ከሆነ ሰላም ነው። ዝም ካለ ወደ ሲስተር ትሮጫለሽ፤ እሷ ከሌለች ወደኔ።”

እናቴ ቢሮ ትውላለች፣ አባቴ ብየዳ ቤት። ትምህርት ዝግ ነው። ስለዚህ ያ ክረምት የኔ ሥራ ጠርሙስ ማየት ሆነ። የሰፈሩ ልጆች በጭቃው ሲንቦጫረቁ ድምፃቸው ይመጣል፤ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ውሃ አያለሁ። አንዳንዴ ኣቦሓጎይ ጭምብሉን ገለጥ አድርገው “ጓለይ፣ ልጄ፣ ሂጂና ተጫወቺ” ይሉኛል። አልሄድም። እንዲያውም እሳቸው ዘንድ ስቀመጥ የራሴን ትንፋሽ እይዝ ነበር። የክፍሉን አየር ተሻምቼ እንዳልጨርስባቸው ነው። ፊቴ ቀልቶ ሲያዩኝ ይስቃሉ፤ ሲስቁ ሳሉ ይነሳባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ተደብቄ መያዝ ጀመርኩ።

የሐምሌ መጨረሻ ዝናብ መንገድ በላ። ኦክስጅን የሚያመጣው የጭነት መኪና የሆነ ቦታ ቆሞ ቀርቷል ተባለ። አንድ ማታ እራት ስንበላ አባቴ ለእናቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲነግራት ሰማሁ።

“አንደኛው አልቋል። ያለን ይሄ የተከፈተው ብቻ ነው። መኪናው እስኪመጣ ካደረሰን እሰየው።”

“ካላደረሰንስ?” አለች እናቴ።

አባቴ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው።

እንግዲህ በመቀሌ ያደገ ሰው ይፍረደኝ። የኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ አንዳንዴ በአሥር ቀን፣ አንዳንዴ በአሥራ አምስት። እግሬ ከቆመ ጀምሮ የተማርኩት ትምህርት ቢኖር አንድ ነው፤ የማትጠቀሚበትን ቧንቧ ዝጊ። እጄን ስታጠብ ሳሙናውን እስካሽ ድረስ ጆጉን ወደ ላይ ቀና አደርጋለሁ። ቧንቧ ክፍት ትቶ የሄደ ልጅ በኛ ቤት ተገርፏል። ስለዚህ ማታውን ሙሉ አሰብኩበትና መላ አገኘሁ። ኣቦሓጎይ ከምሳ በኋላ ይተኛሉ። የተኛ ሰው ደግሞ አይሠራም፣ አያወራም፣ ምን ያደርግለታል? ሲተኙ እዘጋለሁ፣ ሊነቁ ሲሉ እከፍታለሁ።

በማግሥቱ እጄን በሳሙና ታጥቤ ሞከርኩት። መዘውሯ ጠንከር ብላ ዞረች። ውሃው ዝም አለ። እስከ ሃምሳ ቆጥሬ ከፈትኩት፤ ኣቦሓጎይ አልነቁም። በሁለተኛው ቀን እስከ ሁለት መቶ ቆጠርኩ። ሰዓት የሚመስለውን መርፌ እያየሁ፣ ዛሬ ይህን ያህል አተረፍኩ እያልኩ እኮራ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። መኪናው ዘግይቶ ሁሉም ሲጨነቅ ድንገት “ይኸው፣ አለ!” ልላቸው ነው።

በአራተኛው ቀን ዘግቼ ሰባ ላይ ስደርስ ከጎረቤት “ማይ መጺኡ!” የሚል ጩኸት መጣ። ውሃ መጣ ማለት ነው። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ መምጣቱ ነው። እናቴ የለችም፣ አባቴ የለም፤ በርሜሉ ባዶ ነው። ውሃው ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሄድ ይችላል። ዘልዬ ወጣሁ። ቱቦውን ሰካሁ፣ በርሜሉን ሞላሁ፣ ጄሪካኖቹን ሞላሁ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ቀሚሴ በስብሶ እግሬ ላይ ተጣብቋል። ምንኛ ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ። እናቴ መጥታ ስታይ እንዴት እንደምታመሰግነኝ እያሰብኩ ነበር።

አባቴ ውሃ መምጣቱን ሰምቶ ሊያግዘኝ ከሥራው መጣ። “ጎበዝ” ብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ አባቱን “አቦ!” ብሎ ሲጣራ ሰማሁት። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአባቴ ወጥቶ አያውቅም።

በሩ ላይ ደርሼ ቆምኩ። የኣቦሓጎይ ከንፈር አጋም መስሏል። ዓይናቸው ገርበብ ብሎ ነጩ ብቻ ይታያል። አባቴ መዘውሯን ያዘ፤ ሊከፍታት ሲያዞራት ሙሉ በሙሉ ተዘግታ እንደነበር ገባው። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ። አባቴ ኣቦሓጎይን ከጀርባቸው ደግፎ ቀና አደረጋቸው። ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም፤ በመጨረሻ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረና ዓይናቸው ተመለሰ።

“ማን ነው የዘጋው?” አለ አባቴ።

የቀሚሴን ጫፍ ጨመቅኩ፤ ውሃው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ኣቦሓጎይ መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ የረጠበ ቀሚሴን፣ እግሬን፣ ፊቴን። ከዚያ ጭምብሉን ገለጡት።

“እኔ ነኝ” አሉ።

“እርስዎ?”

“እኔ ነኝ፣ ወደይ። ይኣኽለኒ አልኩ።” ልጄ፣ ይበቃኛል ማለታቸው ነው።

አባቴ እጁን ከጀርባቸው ላይ አነሳ። “ምን አጎደልኩብዎት?” አለ ቀስ ብሎ። ኣቦሓጎይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባቴ ከኪሱ መፍቻ አውጥቶ መዘውሯን ከአናቷ ፈታት። ኦክስጅኑ እንደተከፈተ ነው፤ መዝጊያዋ ግን የለም። የቱታው ኪስ ውስጥ ከተታትና ወጣ። ሲስተር ምሕረት በኋላ ሰምታ “አደጋ ቢደርስ በምን ትዘጉታላችሁ?” ብላ ተቆጣችው። አልሰማትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዘውሯ ከሱ ጋር ሥራ ትውላለች፣ ከሱ ጋር ትመለሳለች። ኣቦሓጎይን ያጥባቸዋል፣ ያገላብጣቸዋል፣ ያጎርሳቸዋል፤ አያናግራቸውም።

የዚያኑ ዕለት ብቻችንን ስንሆን አልጋው ሥር ተንበርክኬ አለቀስኩ። ኣቦሓጎይ ሻካራ መዳፋቸውን አናቴ ላይ አሳረፉ።

“ኣጆኺ፣ አይዞሽ” አሉኝ። “እንዳያልቅ ብለሽ ነው አይደል?”

“ያውቁ ነበር?”

“ትናንት ነቅቼ ነበር። ስትቆጥሪ ሰምቼሻለሁ።” ትንሽ ተነፈሱ። “ለማንም አትናገሪ። ማይልኝ።”

ማልኩ። ምን ላድርግ፣ ፈርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር በመዳኔ ደስ ብሎኝም ነበር። ይህንን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

ደስታዬ ግን ሁለት ቀን አልቆየም። እናቴና አባቴ በረንዳ ላይ ሲነጋገሩ ሰማሁ። አባቴ “ራሱን ለሞት የሰጠ ሰው ፍትሐት አለው ወይ?” ሲላት፣ እናቴ “በእመቤቴ፣ እንዲህ አትበል” አለችው። ኋላ እናቴን ፍትሐት ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሰው ሲሞት ነፍሱ መንገድ እንዲከፈትላት ካህናት የሚጸልዩት ጸሎት ነው አለችኝ። ያ ጸሎት ካልተጸለየለትስ? “ኧረ ዝም በይ” አለችኝ። ኣቦሓጎይ ሲሞቱ በኔ ምክንያት መንገድ ላይ ሊቀሩ ነው።

አባቴ የኣቦሓጎይን የነፍስ አባት ጠራ። ቀሺ ኪዳነ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ጉንጫቸው የገባ ሽማግሌ ናቸው። የፍልሰታ ጾም ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት መጡ። ሁላችንም ወጣንላቸው። ብዙ ቆይተው ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል።

“ንስሐውን ተቀብሏል” አሉት አባቴን። “ጾሙን አልጨምርበትም፣ ስገድም አልለውም፤ አቅም የለውም። በየቀኑ አርባ አንድ እግዚኦታ ያደርሳል። በራሱ አፍ ያድርሰው።”

እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። አጭር ጸሎት ናት፤ ጤነኛ ሰው ሳያስበው አርባ አንዱን ይጨርሰዋል። ኣቦሓጎይ ግን ጭምብሉን አውልቀው አንዷን ብለው ይመልሱታል። ሁለት ሦስቴ ይተነፍሳሉ። እንደገና ያወልቃሉ። በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ። አሥራ አምስት ሲደርሱ ላባቸው በአንገታቸው ይወርዳል። ሃያ ላይ ድምፁ ይጠፋና ከንፈር ብቻ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚከፍሉት እኔ ለሠራሁት ነው። እኔ ደግሞ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ውሃ አያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሠላሳ አራት ላይ አቃታቸው። “ይቅር፣ ኣቦሓጎይ፣ ማንም አያይም” አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና እንደገና ጭምብሉን አወለቁ። ጨርሰው እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሲስተር ምሕረትን “ትንሽ ተቀመጪልኝ” ብዬ ለመንኳት፤ ለምን ብላ ሳትጨርስ ግቢውን ለቅቄ ወጥቻለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው። ስደርስ ቀሺ ኪዳነ በሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። መስቀል ሳልሳለም ፊታቸው ቆምኩ።

“ኣባ፣ ኣቦሓጎይ አልዘጉትም።”

“ታዲያ ማን ዘጋው?”

“እኔ።”

“ለምን?”

“እንዳያልቅ።”

ስለ ጭነት መኪናው ነገርኳቸው፣ ስለ መቁጠሬ፣ ስለ ውሃው መምጣት። ሁሉንም ሰምተው “ለአባትሽ ነግረሻል?” አሉኝ።

“አልነገርኩም። አስምለውኛል።”

ጃንጥላቸውንና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። እስከ ቤት ድረስ ከኋላቸው እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ እኔ ልቀር ስል እጄን ይዘው አስገቡኝ።

“ገብረኪዳን” አሉ፣ “ለነፍስ አባትህ ዋሸህ?”

ኣቦሓጎይ እኔን አዩኝ። የተቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። “ዋሸሁ፣ ኣባ።”

“ስለምን?”

ጭምብሉን ከፍ አደረጉት። “ይህ ልጄ... እናቱን በሕፃንነቱ ነው ያጣት። እኔንም... በልጁ እጅ ካጣ... ልጁን በምን ዓይን ያያታል?”

ቀሺ ኪዳነ በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። ጠርሙሱ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚለውን ውሃ አዩ። ከዚያ ተነስተው መስቀላቸውን በኣቦሓጎይ ግንባር ላይ አሳረፉ።

“ከዛሬ ጀምሮ ይብቃህ” አሉ። “ስለ ውሸቱ የሚባለውን እግዚኦታ እኔ እልልሃለሁ። አንተ ተንፍስ።”

አባቴ ከሥራ እስኪመለስ ጠበቁት። ግቢ ውስጥ እንደገባ “ቁጭ በል” አሉት። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። “አባትህ አልዘጋውም። የዘጋችው ልጅህ ትነግርሃለች፤ አንተ ግን ከመናገርህ በፊት አንድ ጊዜ ተንፍስ” ብለውት ሄዱ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። “ውሃ የመጣ ዕለት?”

“አዎ።”

“እንዳያልቅ ብለሽ?”

“አዎ።”

ሲነሳ ሊመታኝ መሰለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። አልነካኝም። ስገልጥ ተመልሶ ተቀምጧል፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። “አልሰለቸሁትም ማለት ነው” አለ፤ የሚያወራው ከራሱ ጋር ነበር። “ጥሎኝ ሊሄድ አልፈለገም ማለት ነው።” ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ምን እንደሚደረግ አላወቅኩም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቱታው ካርባይድ ይሸታል። ቆይቶ ገባና መዘውሯን በቦታዋ ገጠማት። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ የኣቦሓጎይ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ሥራው፣ ስለ ደንበኞቹ፣ ስለ ዝናቡ ያወራላቸው ነበር። ኣቦሓጎይ በጭምብላቸው ውስጥ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

መኪናው ከሁለት ቀን በኋላ ደረሰ። ኦክስጅኑ አላለቀም ነበር። እኔ ያተረፍኩት ስንት እንደሆነ፣ እሳቸው የተጎዱት ስንት እንደሆነ አላውቅም። ካደግኩ በኋላ ሲስተር ምሕረትን “የዚያን ዕለት ነገር ዕድሜያቸውን አሳጥሮ ይሆን?” ብዬ ጠይቄያታለሁ። “ሳንባው ያለቀ ነበር፣ ጓለይ፤ አንቺ አይደለሽም” አለችኝ። አመንኳት ብል ውሸት ነው።

አሸንዳ ሲመጣ ሴቶች ልጆች ከበሮ ይዘው ግቢያችን ገቡ። እናቴ ገፋ አድርጋ ከነሱ ጋር አሰለፈችኝ። የኣቦሓጎይ መስኮት ተከፍቶ ነበር፤ ከሥሩ ቆመን ዘፈንላቸው፣ ስማቸውን እየጠራን፣ ግንባቸውን እያነሳን። ጭምብሉን አውልቀው መረቁን። አባቴ ከበረንዳው ዓይኑን አፈጠጠባቸው፤ እሳቸውም ጭምብሉን እንደ ልጅ ቶሎ መለሱት። ያን ቀን ብዙ ሳቅን።

ያረፉት ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው፣ ጠዋት፣ አባቴ ሥራ ሳይሄድ። እጃቸው በእጁ ውስጥ ነበር። አልተጨነቁም፤ አንዱን ትንፋሽ ተከትሎ ሌላ ሳይመጣ ቀረ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ግን እንደ ወትሮው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እኔ ውሃውን እያየሁ ስለነበር ሰላም ነው ብዬ ነበር፤ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትለብስ ሳይ ነው የገባኝ።

ቀሺ ኪዳነ ከሁለት ካህናት ጋር ደረሱ። ለጸሎቱ ጧፍ ይዘዋል። አባቴ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። “ይቅርታ፣ ኣባ፣ መጀመሪያ ኦክስጅኑ ይዘጋ። መስኮቱም ይከፈት።” እናቴ መስኮቱን ከፈተች። አባቴ ወደ ራስጌው ሄደና መዘውሯን ያዘ። ስንትና ስንት ሲሊንደር በቀን ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውል ሰው ነው። ያዛት፤ አላዞራትም። ካህናቱ ያልበራ ጧፋቸውን እንደያዙ ውጭ ቆመዋል። ማንም አላጣደፈውም።

“ነይ” አለኝ ዞሮ ሳያየኝ።

ሄድኩ። እጄን መዘውሯ ላይ አደረግኩ። አባቴ የሱን እጅ ከላይ አሳረፈና አብረን ወደ ቀኝ አዞርናት። ውሃው ጥቂት ጊዜ ቡልቅ አለ፣ ከዚያ ዝም አለ። ለቅቄ ልሄድ ስል እጄን አጥብቆ ያዘው።

“አሁን ያብሩ” አለ።